የዎኪንግን ምርጫ የወሰነው ዕዳ ነው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እንግሊዝ አገር በምንኖር ሐበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ዎኪንግ ነው። ዎኪንግ ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ የምትርቅ፣ በሰሪ (Surrey) አውራጃ ያለች ከተማ ናት። ጸሐፊው (ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ ወንድማችን እለዋለሁ) ሜይ 2 ቀን 2024 እዚያ የተካሄደውን የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ ምርጫ ያነሣና ሰባት ነገር ይለናል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።

ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው። ኮንሰርቫቲቮች ከዎኪንግ ካውንስል ተጠራርገው የወጡት ሕዝቡ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር በሱናክ የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ስለተናደደ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ከተማዋን ያከሰሩት አሁን የሚመሩት ሊበራል ዴሞክራቶች ናቸው። ከ30 ወንበር 24ቱን መያዛቸው ከአሥር ሰው ስምንቱ ይደግፋቸዋል ማለት ነው። ካውንስል ታክሱን (ከየቤቱ ለካውንስል የሚከፈለውን ግብር) 10 በመቶ ማሳደጋቸው ዘረፋ ነው። በእርሳስ ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ አይታመንም። ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም። በመጨረሻም፣ በሚቀጥለው ምርጫ ኮንሰርቫቲቮች ካውንስሉን መልሰው ይይዙታል።

ጽሑፉ ጥሩ ነው የተጻፈው፣ ወንድማችን ብዕር አለው። ግን ከሰባቱ አንዱም እንዳለ የሚቆም አይደለም። ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው፣ እሱንም ቦታው ላይ እናገራለሁ።

ከሱናክ እንጀምር። ውጤቱ የታወቀ ነው። ምርጫው ሲያበቃ ሊበራል ዴሞክራት 24፣ ኮንሰርቫቲቭ ዜሮ። የቀሩት 6 ወንበሮች የግል ተወዳዳሪዎችና የሌበር ናቸው። ሰሪ ማለት እኮ ኮንሰርቫቲቭ ሳይጠየቅ የሚያሸንፍበት አውራጃ ነበር። የዎኪንግ የፓርላማ ወንበር በ1950 ከተፈጠረ ጀምሮ እስከ ጁላይ 2024 ድረስ ከኮንሰርቫቲቭ እጅ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ባለ ከተማ አንድም ካውንስለር ሳይቀር መጥፋት ትልቅ ነገር ነው።

አገራዊው ቁጣ አልነበረም አልልም። ነበረ። በዚያ ቀን በመላው እንግሊዝ ኮንሰርቫቲቮች 474 ወንበር አጥተው 515 ቀራቸው፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ522 ቀደሟቸው። ይህ ግማሽ እውነት የምለው ነው። ግን ቁጣው ሁሉንም እኩል የጠራረገ ጎርፍ ከነበረ ሃርሎው እንዴት ተረፈች? ሃርሎው በኤሴክስ ያለች ከተማ ናት። እዚያም በዚያው ቀን ተመረጠ፣ ያውም ሁሉም ወንበር በአንድ ጊዜ። ኮንሰርቫቲቮች 17፣ ሌበር 16። በአንድ ወንበር ብልጫ ካውንስላቸውን ይዘው ቀሩ። ያው ሱናክ፣ ያው ቀን፣ ሌላ ውጤት።

እኔ የምለው ይሄን ነው፦ በእነዚህ ከተሞች ቦርሳውን ይዞ ሳለ ከተማውን ዕዳ ውስጥ የከተተውን ፓርቲ ሕዝቡ ይቀጣዋል። ፓርቲው ማንም ይሁን ማን። ዎኪንግን ብቻዋን ስናያት ይሄ አይታይም፣ ከሌሎቹ ጋር ስናስቀምጣት ነው የሚታየው።

ክሮይደንን እንውሰድ። አብዛኞቻችን ክሮይደንን የምናውቃት በሉናር ሃውስ ነው፣ የስደተኛ ጉዳይ ለመጨረስ በር ላይ ተሰልፈን። የክሮይደንን ካውንስል ይመራ የነበረው ሌበር ነው። በኖቬምበር 2020 ገንዘብ አልቆብኛል ብሎ አወጀ። በሜይ 2022 የክሮይደን ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንቲባውን በቀጥታ ሲመርጥ ማን አሸነፈ? ጄሰን ፔሪ፣ ኮንሰርቫቲቭ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ነበር፣ በፓርቲጌት ጣጣ (በኮቪድ ክልከላ ወቅት በጽሕፈት ቤቱ በተደረጉ ግብዣዎች) ስሙ ጠፍቶ በነበረበት ሰዓት ማለት ነው። ከለንደን በስተምዕራብ ያለችው ስላው ደግሞ አለች። የሌበር ካውንስል ነበር፣ በጁላይ 2021 ከሰረ። በሜይ 2023፣ ኮንሰርቫቲቭ በመላ አገሩ በሚገረፍበት ምርጫ፣ ስላው ውስጥ ሌበር አብላጫውን አጣና መሪነቱን ኮንሰርቫቲቮች ወሰዱት። በተቃራኒው በኤሴክስ ያለችው ሰሮክ በኮንሰርቫቲቭ እጅ እያለች በዲሴምበር 2022 ከሰረች፣ በሜይ 2024 ለሌበር ሄደች።

ክሮይደንና ስላው ከአገሩ ነፋስ ጋር ተቃርነው ነው የሄዱት። ታዲያ ዎኪንግ ላይ ስንደርስ ብቻ ሁሉም ነገር የሱናክ ጥፋት የሚሆነው ለምንድን ነው? በጁላይ 2024 የዎኪንግን የፓርላማ ወንበር በ11,246 ድምፅ ብልጫ የወሰደው የሊበራል ዴሞክራቱ ዊል ፎርስተርም ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው አይደለም፣ ከዚሁ ካውንስል ወንበር የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር። ማን አከሰራት?

ወንድማችን ሂሳቡን በቀን መቁጠሪያ ነው የሠራው። ሊበራል ዴሞክራቶች ካውንስሉን የያዙት በሜይ 2022 ነው። ኪሳራው የታወጀው ጁን 7 ቀን 2023 ነው። ስለዚህ እነሱ ናቸው ያከሰሩት። በዚህ አካሄድ ከሆነማ በሽታውን ያመጣው ምርመራውን ያደረገው ሐኪም ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ከ2010 ጀምሮ ማዕከላዊው መንግሥት ለካውንስሎች የሚሰጠውን ድጎማ ለዓመታት ቀነሰ። በሌላ እጁ ደግሞ ርካሽ ብድር አቀረበላቸው። ለካውንስሎች የሚያበድር የመንግሥት ተቋም አለ፣ በዚያን ጊዜ ወለዱ በጣም ዝቅተኛ ነበር፣ ማመልከቻውም ብዙ ጥያቄ አልነበረበትም። ብዙ ካውንስሎች ድጎማው የፈጠረውን ቀዳዳ በንግድ እንሙላው አሉ። እዚያው ሰሪ ውስጥ ያለችው ስፔልቶርን የቢሮ ሕንጻ ገዛች። ሰሮክ ገንዘቧን የፀሐይ ኃይል ላይ አፈሰሰች። ዎኪንግ ደግሞ መሐል ከተማዋን እንደ አዲስ ልትሠራ ተነሣች። ቪክቶሪያ ስኩዌር የሚባለውን ማለቴ ነው፦ ከ30 ፎቅ በላይ የሆኑ የመኖሪያ ማማዎች፣ ሒልተን ሆቴል፣ ሱቆች፣ የመኪና ማቆሚያ። በባቡር ያለፈ ሁሉ ከሩቅ ያያቸዋል። ከዚያ በተጨማሪ የካውንስሉ ንብረት በሆነው ቴምስዌይ በሚባል ድርጅት በኩል ቤቶች ተሠሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ካውንስሉ ከመንግሥት በትንሽ ወለድ ይበደራል። ያንኑ ገንዘብ ከፍ ባለ ወለድ ለራሱ ድርጅቶች ያበድራል። በመሐል ያለው ልዩነት ለካውንስሉ ገቢ ይሆናል፣ ፓርኩም መዋኛውም ከእሱ ይደገፋል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ይሄ የሚሠራው ድርጅቶቹ መክፈል እስከቻሉ፣ ሕንጻዎቹም የወጣባቸውን ያህል እስካወጡ ድረስ ብቻ ነው። ሁለቱም አልሆነም። ሳሩን አይተው ገደሉን አላዩም።

ሌላም አለ፣ እሱን ጋዜጦቹም ብዙ አላብራሩትም። አንድ ካውንስል ሲበደር ዋናውን ዕዳ ለመክፈል በየዓመቱ ከመደበኛ ገቢው ላይ ቆንጥሮ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያዘዋል። ዎኪንግ ለዓመታት የሚገባውን ያህል አላስቀመጠችም። ወለድ ብቻ ሲከፈል ዕዳው ቀላል ይመስላል፣ ዋናው ግን አልተነካም። አዲሶቹ መሪዎችና አዲሶቹ የሂሳብ ሹሞች መዝገቡን በትክክል እንደገና ሲሠሩት ያ ሁሉ ያልተቀመጠ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ብቅ አለ። የሁለት ዓመት አገልግሎት በመቁረጥ የሚስተካከል ነገር አልነበረም።

ቁጥሩን ስሙት። በ2023/24 የበጀት ዓመት ካውንስሉ በእጁ የነበረው መሠረታዊ ገቢ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። የታወጀው ጉድለት 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ። ሰባ አምስት እጥፍ። የተበደረው ገንዘብ ያኔ 1.8 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ወደ 2.6 ቢሊዮን እንደሚያድግ ይጠበቅ ነበር። በ2021 ቆጠራ የዎኪንግ ነዋሪ 104 ሺህ አይሞላም። ስታካፍሉት ሕፃኑም አዛውንቱም ተቆጥሮ በነፍስ ወከፍ ከ17 ሺህ ፓውንድ በላይ ይመጣል። ይሄን የሚያህል ዕዳ በአሥራ ሦስት ወር ሥልጣን ላይ የሚቆልል ሰው ካለ ገንዘብ ማጥፋት ላይ ልዩ ተሰጥኦ አለው ማለት ነው። ማማዎቹ እኮ በሜይ 2022 ቆመዋል!

መንግሥትም ቢሆን ኪሳራው ከመታወጁ በፊት፣ በሜይ 2023 መጨረሻ ላይ፣ የራሱን ኮሚሽነሮች ልኮ ነበር። የላከው ደግሞ የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ነው። የራሱ ሰዎች ለዓመታት የመሩትን ካውንስል ነው ሊያስተካክል የሄደው።

እዚህ ላይ ለወንድማችን የምሰጠው ነገር አለ፣ ሁለተኛው ግማሽ እውነት ይሄ ነው። ሊበራል ዴሞክራቶች ያ ሁሉ ዕዳ ሲከመር ከከተማዋ ውጭ አልነበሩም። በተቃዋሚነት እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከ2022 ምርጫ በኋላ የካውንስሉ መሪ የሆነችው አን-ማሪ ባርከርም ሆነች ባልደረቦቿ፣ ያኔ ምን ጠየቃችሁ፣ ምን ሰማችሁ፣ የቱ ላይ እጃችሁን አወጣችሁ ቢባሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወንድማችን ይሄን ቢጠይቅ ኖሮ አጨበጭብለት ነበር። እሱ ግን አልጠየቀም፣ ፈረደ። ደግሞ ጥያቄው ለእነሱ ብቻ አይደለም። በ2015 መንግሥት የካውንስሎችን ሂሳብ የሚቆጣጠረውን ኦዲት ኮሚሽን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ካውንስሎች ሂሳብ ለዓመታት ሳይፈረም መከማቸት የተለመደ ሆነ። ዘበኛውን አሰናብተን ሌባው እንዴት ገባ እንላለን።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ወንድማችን ካውንስል ከሰረ ሲባል ከተማው የተዘጋ፣ ሠራተኛው ደመወዝ ያጣ አስመስሎ ነው የጻፈው። እንደሱ አይደለም። እዚህ አገር ካውንስል እንደ ኩባንያ አይፈርስም። የሂሳብ ሹሙ በሕጉ አንቀጽ 114 መሠረት ማስታወቂያ ያወጣል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ከሚያስገድደው ውጭ አዲስ ወጪ ይቆማል። ቆሻሻ ይነሣል፣ ደመወዝም ይከፈላል። የሚቆረጠው ሕግ የማያስገድደው ነው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ ለማኅበራት የሚሰጥ ድጋፍ፣ እንዲህ ያለው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ስኳር ያለባት እናት ገበያ መሐል መጸዳጃ ስታጣ ትንሽ አይደለም።

ወንበሮቹን በተመለከተ። 24 ከ30 ማለት 80 በመቶ ወንበር ነው፣ ልክ ነው። 80 በመቶ ሕዝብ ግን አይደለም። ዎኪንግ አሥር ቀበሌዎች አሏት (ዋርድ ይሏቸዋል)፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ካውንስለር። ሦስቱ በአንድ ቀን አይመረጡም ነበር። በዓመት አንዱ ነበር ለምርጫ የሚቀርበው፣ በአራተኛው ዓመት የካውንስሉ ምርጫ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ያ 24 የአንድ ሌሊት ድል አይደለም። በ2022፣ በ2023 እና በ2024 እየተጠራቀመ የመጣ ነው። ሰው አንዴ ተናዶ አውጥቷቸው ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ይረጋጋ ነበር። ይሄ ግን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ነው ያደረገው። ሁለቱ ምርጫዎች ደግሞ ኪሳራው ከመታወጁ በፊት ነበሩ። ሰው ማማዎቹን ያያል፣ ስለ ዕዳው ይሰማል፣ ይሸተዋል። ጁን 2023 ላይ ቁጥሩ በይፋ ሲወጣ የቀሩት ጥቂቶችም በሚቀጥለው ሜይ ሄዱ።

ደግሞ እዚህ አገር በአንድ ድምፅም ብትበልጥ ወንበሩ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ የወጣው ምንም አያገኝም። በጁላይ 2024 ሌበር በመላ አገሩ 34 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ650 የፓርላማ ወንበር 411ዱን ወሰደ። በካውንስል ምርጫ ላይ ደግሞ ከተመዘገበው መራጭ አብዛኛው ጭራሽ አይወጣም። ሊበራል ዴሞክራቶች ዎኪንግ ውስጥ ተወደዋል ለማለት ያ 24 አይበቃም። ኮንሰርቫቲቮች ተጠልተዋል ለማለት ግን ዜሮው ይበቃል።

ካውንስል ታክሱስ? ይሄኛው ሁላችንንም የሚያመን ነገር ስለሆነ ሰው ቶሎ አምኖታል።

በ2024/25 እንደ ዎኪንግ ያለ ካውንስል ሕዝበ ውሳኔ ሳይጠራ ማሳደግ የሚችለው ከ3 በመቶ በታች ነበር። ዎኪንግ ወደ 10 በመቶ እንድታሳድግ ልዩ ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ነው። በርሚንግሃም፣ ስላውና ሰሮክም ተመሳሳይ ፈቃድ አግኝተዋል። እስከዚህ ድረስ ወንድማችን ትክክል ነው። ያልነገረን፣ 10 በመቶው የምን 10 በመቶ እንደሆነ ነው። በሰሪ ሁለት ካውንስል ነው ያለው። ትምህርት ቤቱን፣ ዋና ዋና መንገዱን፣ የአረጋውያን እንክብካቤውን የሚይዘው የሰሪ ካውንቲ ካውንስል ነው፣ ከምትከፍሉት ካውንስል ታክስ ትልቁም ወደዚያ ይሄዳል። ፖሊስም የራሱን ይወስዳል። ዎኪንግ ካውንስል የሚደርሰው ከመቶ ፓውንድ አሥራ ምናምኗ ብቻ ናት። የጨመረውም በዚያች ላይ ነው። ባንድ ዲ ለሚባለው መካከለኛ የግብር ደረጃ ቤት በዓመት 25 ፓውንድ ገደማ ይሆናል።

ዘረፋ ነው? አይመስለኝም። ፍትሐዊ ነው? ያም አይመስለኝም። የሚከፍለው ሰው አልተበደረም፣ ሲበደሩም ማንም አልጠየቀው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ራሱ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ብዙም አይርቅም። ለ1.2 ቢሊዮን ጉድለት! የጭማሪው ትርጉም ያው ለመንግሥት «እኛም የድርሻችንን እየተቆነጠጥን ነው» ብሎ ለማሳየት ነው። ወንድማችን በዚህ በኩል ቢተች አብሬው እጮህ ነበር።

የእርሳሱ ነገር አስቆኛል። አዎ፣ በእርሳስ ነው፣ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ በክር ታስሮ ይቀመጣል። ካላመንከው የራስህን እስክሪብቶ ይዘህ ግባ፣ የሚከለክልህ የለም። ሳጥኑ ይታሸጋል፣ ቆጠራው ላይ ተወዳዳሪዎችና ወኪሎቻቸው ቆመው ያያሉ። ከመጣንበት አገር የምርጫ ትዝታ ጋር ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም፣ ግን ላጲስ ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ወንድማችን ጠለቅ ብሎ ቢፈልግ ከእርሳስ የተሻለ ማስረጃ ያገኝ ነበር። ዎኪንግ ውስጥ እውነተኛ ማጭበርበር ተፈጽሟል። በ2012 በሜይበሪና ሺርዎተር ዋርድ የተደረገውን ምርጫ በ2013 የምርጫ ፍርድ ቤት ሰርዞታል። በምርጫው አሸናፊ ተብሎ የነበረውም የሊበራል ዴሞክራት ተወዳዳሪ ነበር። ይሄን መጻፍ የሚጎዳው የእሱን ክርክር አይደለም፣ የእኔን ይመስላል፣ ግን ሐቅ ነው። በዚህ ታሪክ ምክንያት ዎኪንግ በ2018 እና በ2019 ፎቶ ያለበት መታወቂያ ለማሳየት በሙከራ ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዷ ሆነች። በሜይ 2023 ደንቡ ለመላው እንግሊዝ የካውንስል ምርጫ ወጣ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጎን ነው። በሜይ 2023 በመላ እንግሊዝ ወደ 14 ሺህ ሰው መታወቂያ የለህም ተብሎ ሳይመርጥ ቀርቷል። ከጠቅላላው አንጻር ሩብ በመቶ ነው፣ ትንሽ ነው። ግን አንዳንድ ዋርድ በጣት በሚቆጠር ድምፅ ነው የሚወሰነው። ፓስፖርትም መንጃ ፈቃድም የሌለው ሰው በነፃ የመራጭ ማረጋገጫ ማውጣት ይችላል፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ግን ስንት ነው? በተለይ በእኛ ሰው ላይ። የእኛ ስም በየመዝገቡ በሌላ ፊደል ነው የሚጻፍ፣ የአባት ስም አንዱ ጋ መካከለኛ ስም፣ ሌላው ጋ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሜይ ላይ በር ላይ ከመከራከር አስቀድሞ የመራጭ መዝገቡን ከፓስፖርት ጋር ማመሳከር ነው።

ይሄ በቀጥታ ወደ ስድስተኛው ነጥብ ይወስደናል፣ እኛን አይመለከትም ወደሚለው። ከሰባቱ ይሄኛው ነው በጣም ያናደደኝ።

መጀመሪያ መምረጥ የሚችለው ማን ነው? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው በእንግሊዝ የካውንስል ምርጫ አይመርጥም። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ኬንያዊው ጎረቤትህ ሕጋዊ ነዋሪ ሆኖ የብሪታንያ ዜግነት ሳያገኝ ይመርጣል፣ አንተ አትመርጥም። በስኮትላንድና በዌልስ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ከየትም ይምጣ የአካባቢውን ምርጫ መምረጥ ይችላል። ካርዲፍና ግላስጎ ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ። የብሪታንያ ዜግነት ያገኘ ደግሞ የትም ቢሆን ይመርጣል፣ ይወዳደራልም።

ከዚያ ከሆላንድ፣ ከስዊድን፣ ከጣሊያን ዜግነት ይዘው የመጡ ብዙ ሐበሾች አሉ። ለእነሱ ደንቡ የተለወጠው ሜይ 7 ቀን 2024 ነው፣ ከዎኪንግ ምርጫ በአምስተኛው ቀን። እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ እዚህ ገብቶ በሕጋዊ መንገድ ሲኖር የቆየ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ መብቱ አልተነካም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ስምምነት ካላቸው ጥቂት አገሮች ካልሆነ አይመርጥም። ፖላንድ፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ሉክሰምበርግና ዴንማርክ ናቸው ስምምነት ያላቸው። ስዊድንና ሆላንድ የሉበትም። አየርላንድ፣ ማልታና ቆጵሮስ በቀድሞው መብታቸው ቀጥለዋል።

አሁን ምን አገባን የሚለው። ወንድሜ፣ ሚኒካብ የሚነዳ ሐበሻ አታውቅም? ለንደን ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው ቲኤፍኤል የሚባለው የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ከለንደን ወጣ ስትል ግን ፈቃዱን የሚሰጠው፣ ክፍያውን የሚወስነው፣ የመኪናውን ዕድሜ የሚደነግገው ካውንስሉ ነው፣ ዎኪንግን የመሰለው። የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍተህ በር ላይ የምትለጥፈውን የንጽሕና ደረጃ የሚሰጥህ የካውንስሉ ተቆጣጣሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመክፈት አንድ አሮጌ መጋዘን ብትገዙ የአጠቃቀም ለውጥ ፈቃድ የምትለምኑት ካውንስሉን ነው። ጥገኝነት ተፈቅዶለት ከሆቴል ውጣ የተባለ ልጅ ቤት አልባ ሆኛለሁ ብሎ የሚሄደውም ወደዚያው ነው። ያ ካውንስል ገንዘብ ሲያልቅበት የሚዘገየው የማን ወረቀት ይመስልሃል? ጠበቃ ያለው ሰው ወረቀት አይደለም።

ሰባተኛው አጭር ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ኮንሰርቫቲቮች የዎኪንግን ካውንስል መልሰው ይይዙታል ይላል። አይይዙትም፣ ሊበራል ዴሞክራቶችም አይይዙትም፣ ምክንያቱም የሚያዝ ካውንስል አይኖርም። መንግሥት በኦክቶበር 2025 የሰሪን ካውንቲና በሥሩ ያሉትን ካውንስሎች ሁሉ አፍርሶ በሁለት ሊተካቸው ወሰነ፣ ምሥራቅ ሰሪና ምዕራብ ሰሪ። ለእነዚያ የሚመረጠው በሜይ 2026 ነው፣ ሥራ የሚጀምሩት በኤፕሪል 2027። ዎኪንግ ከጊልድፎርድ፣ ከዋቨርሊ፣ ከሰሪ ሒዝ፣ ከረኒሚድና ከስፔልቶርን ጋር ወደ ምዕራብ ሰሪ ትገባለች። ስፔልቶርን፣ ያቺ ቢሮ የገዛችው፣ የራሷን ዕዳ ተሸክማ ነው የምትመጣው። መንግሥት ከዎኪንግ ዕዳ 500 ሚሊዮን ፓውንድ እከፍላለሁ ብሏል። የቀረው ወደ አዲሱ ካውንስል ይሄዳል፣ የጊልድፎርድና የዋቨርሊ ሰዎችም አንድ ቀን ስለማያድሩበት ሒልተን እኛ ለምን እንከፍላለን እያሉ ናቸው።